የይታየው እምቢተኛ ስሌት

ወገዳ ላይ ቤት ተከራይቶ የሚሠራ አንድ የምንጭ ማጎልበቻ ፕሮጀክት ነበር። ይታየው የዚያ ፕሮጀክት የቧንቧ ስሌት ሠራተኛ ነው። ሰው ኢንጂነር ይለዋል፤ እሱም አይከለክልም። ምንጩ ከፍ ካለ ቦታ ይፈልቃል፣ መንደሩ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ውሃው በቧንቧ ወርዶ ቦኖው ላይ ይደርሳል። ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ጉልበቱ አልቆ ይቀራል የሚለውን አስቀድሞ መናገር የይታየው እንጀራ ነው።

ይህን የሚያሰላው ራሱ ባበጃት የኤክሴል ሠንጠረዥ ነበር። ቁጥሩን ሁሉ ከሞሉላት በኋላ ግፊቱ ከበቃ የመጨረሻዋ ሳጥን አረንጓዴ ትሆናለች፤ ካልበቃ ትቀላለች። አስተባባሪው አቶ ደምሌ ከስሌቱ ሁሉ የሚያውቁት ይህችን ሳጥን ብቻ ነው። ከቀላች «አስተካክላት» ይላሉ፤ ቧንቧውን ማለታቸው አይደለም። ይታየውም ያስተካክላል። ሠንጠረዧ ውስጥ የቧንቧውን ሆድ ከመስታወት የለሰለሰ ያደርገዋል፤ ያ ካልበቃ ኮረብታውን ጥቂት ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። ወንጌሉ ተራራ ለማንቀሳቀስ የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል እምነት ይጠይቃል፤ ይታየው በሁለት ጣቱ ይጨርሰው ነበር።

እንዲህ ሆኖ የጸደቀ ቦኖ ሲደርቅ ሰበብ አይታጣለትም። የግራር ሜዳ ቦኖ በተመረቀ በወሩ ሲነጥፍ ሪፖርቱ «ኅብረተሰቡ የአጠቃቀም ግንዛቤ ስለሚጎድለው» አለ። የጻፈው ይታየው ነው፤ ያጨበጨበለት ስብሰባው።

በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ ደብረ ታቦር ለሥልጠና ሄዶ እኩልታ የሚፈታ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መጣ። እውነት ፈልጎ አልነበረም፤ ሠንጠረዧ አድክማው ነው። ሳጥን በሳጥን ሲካፈል፣ ያው ደግሞ በሌላ ሳጥን ሲባዛ፣ ዓምና በገዛ እጁ የጻፈውን ዘንድሮ እንደ ጠንቋይ ክታብ አፍጥጦ ማየት ጀምሮ ነበር። አዲሱ ግን እኩልታዎቹን መጽሐፍ ላይ እንዳሉ ይቀበላል፤ የቱ ይቅደም የቱ ይከተል አይልም፤ የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ይታየው ቀመሮቹን አንድ በአንድ እያዛወረ ከየካቲት እስከ መጋቢት ቆየ። ሲያዛውር የራሱን ተንኮል ሁሉ መልሶ አገኘው፤ እኩልታ ውስጥ መደበቂያ ጥግ የለምና።

መጀመሪያ የደረሰው ተራ የአፋፍ ጊዮርጊስ መንደር ነበር። የአፋፍ ሰው በዘመቻ ወጥቶ ቦዩን ቆፍሯል። ቧንቧው ተገዝቷል፤ ኢንች ተኩል ነው። ቦኖው የሚቆምበት ቦታም ተወስኗል፤ ኮረብታው አናት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ። የቀረው ስሌቱ ነው። በዚህ አገር ስሌት እንደ ተዝካር ነው፤ የሚደገሰው ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው።

ይታየው የምንጩን ከፍታ፣ የቦኖውን ከፍታ፣ የቧንቧውን ስፋትና የሚፈለገውን ውሃ ሞልቶ ፍታ አለው። ፕሮግራሙ አልፈታም። የታወቀው በዝቷል፤ አንዱን ልቀቅ አለ። ውሃውን ቢለቅለት አናቱ ላይ የሚደርሰው የሽማግሌ እንባ ሆነ። ስፋቱን ቢለቅለት ያልተገዛ ወፍራም ቧንቧ ጠየቀ። ከፍታውን ቢለቅለት ቦኖውን ከዳገቱ ሥር፣ ደሴ የሚባል ገበሬ አውድማ ላይ አወረደው።

አቶ ደምሌ ውጤቱ የታተመበትን ወረቀት አገላበጡት።

«አረንጓዴዋ የታለች?»

«ይሄ አረንጓዴ የለውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«እኩልታ።»

«እንግዶች የሚመጡት እኩልታ ሊመርቁ ነው?»

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። አንዱ ፕሮግራሙ የክህሎት ክፍተት አለበት አለ፤ ሌላው የለም የአመለካከት ነው አለ። ኮምፒውተር ግለ ሂስ አድርጎ አያውቅምና ተራው ለባለቤቱ ተላለፈ። ይታየው ቀናነት እንደሚጎድለው አመነ፤ እዚያ ቤት ያላመነ ሰው እራት አይበላም። መጨረሻ ላይ አቶ ደምሌ ቁርጡን ነገሩት፦ «በድሮዋ ሠርተህ፣ ፈርመህ አምጣ። ውልህ ሰኔ ላይ እንደሚያልቅ አትርሳ።»

ቢፈርም ውሉ ይታደሳል፤ አፋፍ ግን ደረቅ ቦኖ ታቅፎ፣ ግንዛቤ የጎደለው ተብሎ ይቀራል። ባይፈርም ኢንጂነርነቱ እስከ ሰኔ ነው። ይታየው ጀግና አይደለም። ሠንጠረዧን ከፈታት፣ ኮረብታውን ዝቅ አደረገው፣ ሳጥኗም ለመለመች። ከዚያ ፊርማው ላይ ደረሰ፤ እውነተኛውን ቁጥር ባያውቀው ኖሮ እንደ ልማዱ ይፈርም ነበር። ሳይፈርም ዘጋትና እሑድ አፋፍ ወጣ።

ቅዳሴ ወጥቷል። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ መሪጌታ ወልደማርያም፣ ቤተ ልሔም ገዳም ዜማ የተማሩ፣ ክርክር የማይሰለቻቸው ሰው፣ ከሕዝቡ ጋር ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ ውሃው እዚህ አይወጣም» አለ ይታየው።

«ማን አለ?»

«ስሌቱ።»

«ለግራር ሜዳ ዳገት የወጣ ስሌት ለእኛ ምነው ሰነፈ?»

ይታየው መሬት መሬት አየ። «ለግራር ሜዳም አልወጣም። የወጣው ወረቀት ላይ ነው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

«ውሃውን ያባከኑት እነሱ አይደሉም እንዴ?»

«ያልደረሳቸውን ከየት አምጥተው ያባክናሉ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ‹እንደ ግራር ሜዳ ሰዎች አባካኝ አትሁኑ› ብዬ አስተምሬበታለሁ። ሁለት ጊዜ።»

ከሴቶቹ በኩል አበራሽ የምትባል ባልቴት ተነሣች። «ስለ ግራር ሜዳ በኋላ ትናዘዛላችሁ። ውሃው የት ድረስ ይመጣል? እሱን ንገረን።»

«ደሴ አውድማ ድረስ። እዚያ ከሆነ በደንብ ይፈሳል።»

«ዳገቱስ?»

«ዳገቱማ ያው ነው። እንስራ አዝሎ መውጣት ነው።»

«በሉ፣ አንድ እውነት ተናግሯል» አለች። ሰው ሳቀ፤ ይታየውም አብሮ ሊስቅ ዳድቶት ተወው።

ክርክሩ እስከ ከሰዓት ዘለቀ። ደሴ እህሉን የት ሊወቃ እንደሆነ ጠየቀ፤ ሌላ አውድማ እስኪሰጡት ድረስም ዝም አላለም። ወንዶቹ ወደ ዳገቱ የቆፈሩት ቦይ ከንቱ መቅረቱ ቆጫቸው። ሴቶቹ ግን የሚፈሰውን መረጡ፤ እንስራውን የሚያዝሉት እነሱ ናቸውና የእነሱ ቃል በለጠ። ኮሚቴው ቦኖው አውድማው ላይ ይሁንልን ብሎ በጣት አሻራ አጸናው።

አቶ ደምሌ ይህን በሕዝብ ተሳትፎ የተገኘ ውጤት ነው ብለው ላኩት፤ ተመሰገኑበትም። ውሃው ሰኔ ሳይገባ አውድማው ላይ ፈሰሰ። የይታየው ውል አልታደሰም።

ዕቃውን ጠቅልሎ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወደ እህቱ ሊሄድ ሲነሣ መሪጌታ በበቅሎ መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ።

«ግራር ሜዳ አብረን ልንሄድ ነው» አሉት።

«የኔታ፣ እኔ እኮ ከሥራው ወጥቻለሁ።»

«ከኃጢአቱስ?»

ይታየው ሌላ ግምገማ ቢጠሩት ይመርጥ ነበር። ቢሆንም ተከተላቸው። ቀድሞ የሚናዘዘው አንተ ነህ፣ የለም እርስዎ ነዎት እየተባባሉ ወንዙን ተሻገሩ።