ያልተፈለፈሉት እንቁላሎች

ወይዘሮ ሥራነሽ ከደብረ ማርቆስ ዳር በባሕር ዛፍ የታጠረ ሰፊ ጓሮ አላቸው። ባለቤታቸው አቶ ገዳሙ ከመምህርነት ጡረታ ሲወጡ፣ ወይዘሮ ሥራነሽ ጓሮውን በዶሮና በበግ ሞሉት። ለገቢ ብለው አይደለም። እንቁላሉን ጎረቤት ይበላዋል፤ ለበዓል በግ ሲታረድም ዘመድ ጥየቃ ብለው ሰበብ ፈጥረው ከቤት ይወጣሉ። አንድ ልጃቸው ዓለምነው አድጎ ሥራ ከያዘ ወዲህ የእናትነት ስስታቸው ሁሉ የሚያርፍበት ጓሮው ብቻ ነበር። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን እያማቱ ይከቧቸዋል። እናቷ ሞታባት በጡጦ ያሳደጓት ዳለቻ በግ ደግሞ የቀሚሳቸውን ጫፍ እየነከሰች ትከተላቸዋለች።

«ከኔ ሌላ ሰው አታስጠጋም» ይሉ ነበር፣ ኮራ ብለው።

ከዚያ ዓለምነው መሲን አገባ። መሲ የሉማሜ ልጅ ናት፤ እናቷ አውቶቡስ ከሚቆምበት ዳር ሻይ ቤት አላት። ሙሽሮቹ የራሳቸውን ጎጆ እስኪቀልሱ ድረስ ከጓሮው ጥግ ባለችው ክፍል ገቡ። ወይዘሮ ሥራነሽ «ይቺ ልጅ ዶሮ የምታውቀው ድስት ውስጥ ነው» ብለው ለጎረቤት ቀለዱ።

መሲ ግን ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ እጇ የማይቸኩል ሴት ነበረች። ደጅ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትልጥ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ መጥተው ከእግሯ ሥር ይተኛሉ። አንድ ቀን ጠዋት ወይዘሮ ሥራነሽ ጥሬ በጣሳ ይዘው ሲወጡ ዳለቻዋ በግ እየሮጠች መጣች። እጃቸውን ዘረጉላት። እሷ ግን አልፋቸው ሄዳ አንገቷን መሲ ጉልበት ላይ ጣል አደረገች።

«ምን አብልተሻት ነው?» አሉ።

«ኧረ ምንም አላበላኋትም እማማ። ዝም ብላ ነው የመጣችው።»

«ዝም ብሎ የሚመጣ እንስሳ የለም!»

በዚያው ቀን ምሳ ላይ አቶ ገዳሙ፣ «ይህቺ ልጅ ለከብት ገራም እጅ አላት» አሉ። ወይዘሮ ሥራነሽ እንዲህ ያለ ቃል በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ከባላቸው አፍ ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ወዲያ የጥሬውን ጆንያ መኝታ ቤት አስገብተው መቆለፍ ጀመሩ። መሲ በጓን ስትዳብስ ባዩ ቁጥር «ተያት፣ ትብላበት!» ይላሉ። ሲናገሩ ለራሳቸውም ይታወቃቸዋል፤ ያፍራሉም፤ ግን አይተዉም።

አንድ ቀን መሲ መጥታ፣ «እማማ፣ ጥቁሯ ዶሮ ማቀፍ የፈለገች ይመስለኛል። እኔ ላስታቅፋት? እንቁላሉን እርስዎ ይምረጡልኝ» አለቻቸው።

ይህን እንኳ ቀድማ ያየችው እሷ ናት! ወይዘሮ ሥራነሽ ወደ ጓሮ ሄዱ። ጓሮው ውስጥ በሽቦ በታጠረ ቤት አውራ ዶሮ የማይደርስባቸው የፈረንጅ ዶሮዎች አሉ። የእነዚያ እንቁላል ለመብል ነው እንጂ ጫጩት አይወጣውም። ይህን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከዚያው ውስጥ ለስላሳ ለስላሳውን መርጠው አመጡላት።

«እነዚህ መልካም ናቸው» አሉ። ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

መሲ ቅርጫት ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ ዶሮዋን አስታቀፈች። ገና ሳይነጋ ተነስታ ታያታለች፤ ውሃዋን ትቀይራለች፤ ለእናቷ ስልክ ደውላ ስለዚያች ዶሮ ታወራለች። ወይዘሮ ሥራነሽ መጀመሪያ በሆዳቸው ሳቁ። እየቆየ ግን ሳቁ ጠፋባቸው። ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉበት ቀን ደረሰ፣ አለፈም። ዶሮዋ ከስታ ላባዋ ተንጨባሮ አሁንም ታቅፋለች። በመጨረሻ አንዱ እንቁላል ፈነዳና ጓሮው ገማ።

ወይዘሮ ሥራነሽ «ይህ እኮ ሙያ ይጠይቃል፣ ልጄ» ለማለት ተዘጋጅተው ወጡ። መሲ ጭዱ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ለእንቁላል የሚለቀስ ልቅሶ አልነበረም።

«እማማ፣ እኔ እጅ ላይ ምንም ነገር አይጸናም» አለች። «ዓለምነውን እንዳይነግርዎ ለምኜው ነው እንጂ፣ ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለት ጊዜ ወረደብኝ። ይህቺ ዶሮ ከፈለፈለች ለኔም ይሆንልኛል ብዬ ነበር። የሞኝ ነገር።»

ዓለምነውን ከወለዱ በኋላ ወይዘሮ ሥራነሽም ለማንም ያልነገሩት እንዲህ ያለ ሐዘን ነበራቸው። የእንቁላሉን ነገር ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው አልነበረም። ጭዱ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ያንቺ እጅ አይደለም» አሉ። «የሽቦ ቤቶቹ ዶሮዎች አውራ የላቸውም። እያወቅሁ ነው የሰጠሁሽ።»

መሲ ቀና ብላ አየቻቸው። «ለምን?»

«ቀናሁብሽ።»

«በምኔ?» አለች፣ ከልቧ ገርሟት።

መሲ ዶሮዋን ቀስ ብላ አነሳቻት፤ እንቁላሎቹን ጣለች፤ እጇን ታጠበች። በማግሥቱ እናቴን ልይ ብላ ሉማሜ ሄደች።

ወይዘሮ ሥራነሽ ልጃቸው መጥቶ እስኪቆጣቸው ጠበቁ። ዓለምነው ግን እንደ ወትሮው ገብቶ ይወጣል፤ እንደ ወትሮው ይጫወታል። መሲ እንዳልነገረችው ገባቸው። ይህ ከቁጣው ይልቅ አቃጠላቸው። «በደግነቱም በለጠችኝ» አሉ ለብቻቸው።

መሲ ስትመለስ ከገበያ የገዛቻትን ቄብ ዶሮ ታቅፋ ከባጃጅ ወረደች። ለጥሬም ሆነ ለምክር ወደ ወይዘሮ ሥራነሽ አልሄደችም። አቶ ገዳሙ በጓሮው በወዲያኛው ጥግ ትንሽ የዶሮ ቤት ሠሩላት። ቄቧ እንቁላል ጣለች፣ አቀፈች፣ ፈለፈለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ፤ ወይዘሮ ሥራነሽ ብቻ ከወዲህ ሆነው ተመለከቱ። ቅናቱ አሁንም አልለቀቃቸውም።

አንድ ቀን መሲ ጤና ጣቢያ በሄደችበት፣ ከጓሮው በላይ ጭልፊት ሲያንዣብብ አዩ። በትር አንስተው ሄዱና ከጫጩቶቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ አናታቸውን እያቃጠለው ከዚያ አልተነሱም። መሲ ስትመለስ በትራቸውን እንደያዙ አገኘቻቸው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ራሳቸው ላይ ጣል አደረገችላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ያምራሉ» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ፣ ዓይናቸውን ከጫጩቶቹ ሳይነቅሉ። ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደከበዳቸው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።