የቤተ ልሔሙ ስንጥቅ

ሲቪል ምህንድስናን የመረጥሁት እኔ አይደለሁም። አንደኛ ምርጫ ብዬ የሞላሁት ሕግ ነበር፤ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን ስሜ ከመሐንዲሶቹ ጋር ተገኘ። ደብረ ታቦር መመደቤ ቤተሰቤን ደስ አሰኘ፤ ከአንበሳሜ በሚኒባስ ተሳፍሮ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላልና። ለእኔ ግን ቅርብነቱ ራሱ አጥር ሆነብኝ። ለጉዳይ የመጣ ያገሬ ሰው በየመንገዱ እያገኘኝ «እንዴት ነሽ ኢንጂነሯ!» ይለኛል።

ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ግድግዳና ምሰሶ ሸክም እንዴት እንደሚችል የምንማርበትን ኮርስ ወደቅሁ። ትምህርት ክፍል ልቀይር ብዬ ሬጅስትራር ብሄድ ጸሐፊዋ ማመልከቻዬን አንብባ እንኳ አልጨረሰችም።

«ጊዜው አልፏል። ወይ እዚያው ትማሪያለሽ፣ ወይ የማቋረጫ ቅጽ ትሞያለሽ።»

ቅጹን ተቀበልሁ። ከመሙላቴ በፊት ለአባቴ ልንገራቸው ብዬ ወደ ቤት ተሳፈርሁ።

አባቴ ገበሬ ናቸው። ስደርስ ብቻቸውን አልነበሩም፤ የቆሎ ተማሪዎችን የሚያስተምሩት የኔታ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«እግዜር ነው ያመጣሽ» አሉኝ የኔታ ገና ሳልቀመጥ። «የቤተ ልሔሙ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ከፊሉ አፍርሱት ይላል፣ ከፊሉ ይቆይ ይላል። እስቲ አንቺ እይልን።»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ገና ተማሪ ነኝ፤ አላውቅም።»

«አላውቅም የሚል የሚያውቅ ሰው ነው» አሉና ተነሡ።

ወደ አባቴ ዞርሁ። ኩራታቸውን ለመደበቅ ወደ መሬት አቀርቅረዋል። ይዤው የመጣሁትን ወሬ ዋጥሁት።

ቤተ ልሔም የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ነው፤ ሴት አይገባበትም። ከውጭ ዞሬ አየሁት። ስንጥቁ ከጣሪያው ሥር ተነሥቶ እስከ መሠረቱ ይወርዳል፤ ጣት ያስገባል። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ ቆመው አፍ አፌን ያያሉ።

«አጥንቼ እመለሳለሁ» አልሁ። ሌላ ማምለጫ አጣሁ።

ካምፓስ ስመለስ የላብራቶሪውን ቴክኒሻን አማከርሁት። ከተማሪ ጋር ብዙ የማያወራ ጎልማሳ ነበር። እስክጨርስ ሰማኝና ጀሶ በፌስታል ቋጠረልኝ።

«ስንጥቁ ላይ ለጥፊው። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው፤ ካልተሰነጠቀ ቆሟል ማለት ነው» አለኝ።

ግድግዳ ቆሞም እንደሚንቀሳቀስ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያልገባኝ ነገር፣ እዚያው ላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ ገባኝ።

ለጠፍሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀሶው ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። ይህን ለክፍሌ ልጆች ስነግራቸው ሦስቱ፣ ሳልለምናቸው፣ በዓል ያልሆነ ቀን ጠብቀው አብረውኝ ተሳፈሩ። አንዱ ዲያቆን ስለነበር ውስጥ ገብቶ እየለካ ቁጥሩን ይጮኻል፤ እኔ ውጭ ቆሜ እጽፋለሁ። በመሀል የግንቦት ዝናብ ወረደ። ከቆርቆሮው የሚፈሰው ውሃ መሄጃ አጥቶ መሠረቱ ሥር ሲጠራቀም ሁላችንም ባንድ ጊዜ አየነው። የድሮው ቦይ በአፈር ተደፍኖ ኖሯል፤ መሠረቱን ያላላው ይህ ውሃ ነው። ሲያባራ ውሃ የሞላ ላስቲክ ቱቦ ይዘን ቁልቁለቱን ለካን፤ የሰፈሩ ሰው አዲስ ቦይ ቆፈረ። ስንጥቁም ላይ ሌላ ጀሶ ለጠፍን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ማቋረጫው ቅጽ ነገርኋቸው።

«የወደቅሽውን ኮርስ አብረን እናጠናዋለን» አለ ዲያቆኑ።

«አስጠኑኝ ብዬሃለሁ?» አልሁት። ተናድጄ ነበር። ሰው ክፉ ቢሆንብኝ ጥዬ እሄድ ነበር፤ እነዚህ ግን በደግነታቸው አሰሩኝ።

ጀሶው ክረምቱን ሙሉ ሳይሰነጠቅ ከረመ። ከዚያ ወዲያማ በየሄድሁበት «ይህን ግድግዳ እይልኝ» የሚለኝ በዛ። ቅጹን ሳልሞላው ቀረሁ። ኮርሱን ከልጆቹ ጋር አጥንቼ አለፍሁ፤ የቀሩትን ዓመታትም ቀን እየቆጠርሁ ጨረስሁ። ዩኒቨርሲቲው ምን ሰጠሽ ሲሉኝ ያን ቴክኒሻንና እነዚያን ሦስት ልጆች አነሣለሁ። ትምህርቱን ወደድሁት ለማለት ግን አሁንም ምላሴ አይታዘዝልኝም።

የተመረቅሁ ዕለት አባቴ ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡና «ደስ አለሽ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ» አልኋቸው። ግማሹ እውነት ነበር።