ከናንሲ የተመለሰው ቫዮሊን

ኤርሚን የጎረቤቴ የሽማግሌው የሙሴ ኦበን ልጅ ናት። እዚህ ፈረንሳይ አገር፣ ሚርኩር፣ ሴቶቹ ዳንቴል እንሠራለን፣ ወንዶቹ ቫዮሊን። ታላቅ ወንድሟ ከጦርነቱ ሳይመለስ ሲቀር ግን ዳንቴሏን አስቀምጣ መሮ አነሳች። ያኔ ኮረዳ ነበረች፤ አሁን ሸብታለች። ቀን እንጨት ስትልግ ትውላለች፤ ሲመሽ ሾርባ ትሠራለች፣ የአባቷን እግር ታሻለች።

አምና በወይን ለቀማ ሰሞን የናንሲ ከተማው የሙዚቃ አስተማሪ ሙሴ ላንዲዬ ከእነሱ የገዛውን ቫዮሊን ይዞ መጣ።

«ድምፁ ታፍኗል» አለ።

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲጫወቱበት ይፈታል» አለችው ኤርሚን።

«እዚህ ተወው፣ እኔ ከፍቼ አየዋለሁ» አሉ ሽማግሌው።

ሰውየው ትቶላቸው ሄደ። እሷም «አባባ፣ ለእኔ ይስጡኝ። እጅዎ...» ብላ ጀመረች።

«እጄ ምን ሆነ?»

ቀጭኑን ቢላ በመጋጠሚያው አስገቡ። እጃቸው ተንቀጠቀጠና የቫዮሊኑ የፊት ገጽ፣ የጥድ ደረቱ፣ ከጫፉ እስከ መሃል ተሰነጠቀ። ቢላውን አስቀምጠው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ኤርሚን አልተቆጣችም። ለመቆጣትም አቅም ያስፈልጋል።

ብርዱ እስኪያልፍ ስትጠግነው ቆየች። ሙጫ አሙቃ ስንጥቁን ገጠመች፣ ከውስጥ ደገፈችው፣ የወፈረውን አሳሳች፣ ቀለሙን መለሰች። መቆንጠጫውን ስታጠብቅ ደረቱን የምይዝላት እኔ ነበርኩ።

ላንዲዬ ሊወስደው ሲመጣም እዚያው ነበርኩ። ተጫወተ፤ ድምፁ ተፈቷል፤ ደግሞ ተጫወተ።

«ደረቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ ይወቁት» አለችው ኤርሚን።

መነጽሩን አድርጎ ስንጥቁን ፈለገ፣ በጣቱም ዳበሰ፤ አላገኘውም። «ይሄን ማን ጠገነው?»

«እኔ» አሉ ሽማግሌው።

ኤርሚንን አየኋት። ቫዮሊኑን በጨርቅ ወልውላ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛችው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ሙሴ ኦበን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አንቺ መሆንሽን መናገር ነበረብኝ?»

«ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ አባባ።»

በማግስቱ ክር ልዋስ ስገባ ኤርሚን በመስኮቱ ሥር፣ በአባቷ ቦታ ተቀምጣለች። እሳቸው ምድጃው አጠገብ በእሷ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ሆነው ሙጫ ያማስላሉ።

«ለምነሻቸው ነው?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ራሳቸው ናቸው የተነሱልኝ።»

«ደስ አላለሽም?»

«ብርሃኑ ይሻላል» አለችና አዛጋች። ከዚያ ወደ እንጨቷ ጎነበሰች።