እናት ያበላሸችው ጥናት

ሂባ በስፖርት ሳይንስ ማስተርስ ልትማር ነው ሲባል የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ሳቅ በሳቅ ሆኖ ሰነበተ። «ለመዝለል ደግሞ ማስተርስ ምን ያደርጋል?» ያላለ የለም። እኔ አልሳቅሁም። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ካርታ ለማየት ዲግሪ ምን ያደርጋል ብሎ የሚስቅብኝ እንዲመጣ አልፈልግም። ደግሞም ሂባን አውቃታለሁ። ከጎጃም አሶሳ ተመድቤ ስመጣ ያስተማርኳት የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት። ሴት ልጅ ስትሮጥ አይቶ አፉን በሚይዝ ሰፈር መሐል ሮጣ፣ የስፖርት አስተማሪ ሆና እዚያው የተመለሰች እልኸኛ ናት።

የመመረቂያ ጥናት የምትመርጥበት ጊዜ ሲደርስ ሁሉም ኳስ ትመርጣለች ሲል የሰፈሯን እናቶች መረጠች። ደም ግፊት ያለባቸው ሴቶች ፈጠን ብለው ቢራመዱ፣ ሰውነታቸውን ቢያፍታቱ ግፊታቸው ይወርዳል ወይ? ነገሩ ደንብ አለው። ሴቶቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ሁሉም ኪኒናቸውን እንደወሰዱ፣ ግማሾቹ ስፖርት ይሠራሉ፣ ግማሾቹ እንደ ወትሯቸው ይቀመጣሉ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። የሚቀመጡት ካልተቀመጡ ጥናት የሚባል ነገር የለም።

ዕጣው ሲወጣ እናቷ ወይዘሮ ነዕማ ከሚቀመጡት ሆኑ።

«እናትሽን ቀይሪያት እንጂ!» አላት ሰፈሩ። «ዕጣ ዕጣ ነው» አለች። ወይዘሮ ነዕማ አኮረፏት። እኔ በደጃፋቸው ሳልፍ ደግሞ ጠርተው ወረዱብኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ቁጣቸው ግን ግልጽ ነው።

«አንተ አስተማሪ፣ ልጄ ጥሩ ነገር ያውቃል። ጥሩ ከሆነ ለእናቱ ለምን ሀራም ሆነ?»



ሂባ ሦስት ወር ሙሉ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሴቶቹን በትምህርት ቤቱ ግቢ ማንጎው ሥር ሰብስባ አሠራች። የሚከናነቡትን ሰፊ ጨርቅ፣ ቶባቸውን፣ ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ሲራመዱ ያየ ሁሉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ለመደ። በመጨረሻው ልኬት የሠሩት ሴቶች ግፊት ወርዶ ተገኘ። ሂባ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ከዚያ የተቀመጡትን ለካች። የእነሱም ወርዷል። መሣሪያው ይሆናል ብላ ሌላ አስመጥታ ለካች፤ ያው ነው። የእናቷ ደግሞ ከሁሉም በላይ ወርዷል።

ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ ሳቋ አመለጣትና ጉዱ ወጣ። ከሚሠሩት አንዷ የወይዘሮ ነዕማ ጎረቤት ናት። ጠዋት የተማረችውን ማምሻውን፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ለተቀመጡት ሴቶች እሳቸው ግቢ ታሳያለች። በበርታ ቋንቋ እየቆጠሩ የሚመሩት፣ የሰነፉትን ከየቤታቸው ጎትተው የሚያወጡት ግን ራሳቸው ወይዘሮ ነዕማ ነበሩ። እኛ ሰፈር ገንፎ ያገነፋች ሴት ለጎረቤቷ ሳትልክ አትበላም፤ ስፖርቱን ብቻ እንዴት ብላ ትደብቅ?

ሂባ አልጮኸችም። መሣሪያዋን ሰብስባ ወጣች። ወይዘሮ ነዕማ ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጃቸውን ፊት ማየት ፈሩ።

የትምህርት ፈቃዷ ሊያልቅ ነው። እንደ አዲስ ብትጀምር ያለ ዲግሪ ወደ ማስተማር መመለሷ ነው፤ እንዲያ ተመልሶ የጨረሰ ደግሞ ጥቂት ነው። በቃሉ የሚባል አብሯት የሚማር ልጅ ይህን አይቶ፣ ያዘነላት መስሎት መከራት።

«የተቀመጡትን ቁጥር እንደ ድሮው አድርገሽ ጻፊው። ማን ያያል? ስፖርቱ እንደሆነ እውነትም ይሠራል!»

«እናቴ ተሽሏት ሳለ እንዳመማት ነው ብዬ ልጻፍ?» አለችው። «የወረደላትን በሽታ በገዛ እጄ ልመልስባት?»

እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲህ ያቺን ልጅ አስተምሬያታለሁ ማለት ያኮራኛል፤ ጂኦግራፊ ይህን ባያስተምርም።

ለአማካሪዋ ለዶክተር እዩኤል ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸውም እያዘኑ ጥናቱን ሰረዙት። ሂባ ወደ ማስተማሯ ተመለሰች፤ ጥናቱንም ከሀ ጀመረች። አሁን የሚሠሩት ከአሶሳ ሌላ ሰፈር፣ የሚቀመጡት ደግሞ እንዳይገናኙ ከሌላ ከተማ፣ ከባምባሲ ሆኑ። ለባምባሲዎቹም ልኬቱ ሲያልቅ ተራቸው እንደሚደርስ ቃል ገባች። ጠዋት ታሠራለች፣ ቀን ታስተምራለች፣ ቅዳሜ ግፊት ልትለካ በሚኒባስ ባምባሲ ትወርዳለች። ከሳች። ተቆጣኋት፤ ከቁብም አልቆጠረችኝ።

የባምባሲ ሴቶች «ለእነዚያ ተፈቅዶ ለእኛ ለምን?» ማለት ሲጀምሩ፣ አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ነዕማ ሳይጠሩ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠው ተገኙ። ባምባሲ እንደደረሱ ሴቶቹ መሐል ቆሙ።

«እኔ አልጠበቅሁም። ልጄን አንድ ዓመት በላሁበት። እናንተ ጠብቁ። ልጄ ውሸት አያውቅም። ተራ ይመጣል ካለ፣ ወላሂ ይመጣል።»

ሴቶቹ ጠበቁ። የሠሩት ወረደላቸው፤ የጠበቁት ባሉበት ቆዩ። ልኬቱ ባለቀ ሳምንት ሂባ ባምባሲ ሄዳ ማሠራት ጀመረች።

ዲግሪውን ለማግኘት ጥናቷን በፈታኞች ፊት ባቀረበችበት ቀን እኔና ወይዘሮ ነዕማ ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጠን ነበር። ነገሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው በየመሐሉ «ምን ይላል?» እያሉ ክንዴን ይጎትታሉ። ከፈታኞቹ አንዱ የተሰረዘውን ጥናት አንስተው፣ ያ ሁሉ ጊዜ እንዲሁ ባክኖ ቀረ ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሂባ ወደ እኛ ቀና ብላ እንግሊዝኛውን ተወችው።

«አልባከነም» አለች በአማርኛ። «የእናቴ ግፊት ወርዷል።»

ወይዘሮ ነዕማ ክንዴን ለቀቁ። የቶባቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔም ሳላፍር አለቀስኩ። ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«እኔን አልተቀየመም ማለት ነው?»