የፖስተኛዋ አህያ ሥዕል

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቦሌ መንገድ ዳር ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ እሠራለሁ፤ የምኖረው ቦሌ ሚካኤል፣ ከትግራይ መጥተው እዚያ በከተሙ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንድ ክፍል ነው። አላገባሁም፤ አልወለድኩም። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ሲጀምር ግን ከአከራዬ ሁለት ሴት ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ ካርቱን አያለሁ።

ከአንድ የሶሻሊስት አገር የመጣ ካርቱን ነው፤ ንግግር የለውም፣ ሙዚቃ ብቻ። አንዲት አህያ ቦርሳ በአንገቷ አንጠልጥላ ደብዳቤ ታድላለች። ደብዳቤውን ዝናብ ያረጥብባታል፣ ነፋስ ይወስድባታል፣ ተሯሩጣ ትይዘዋለች፤ በመጨረሻ ለባለቤቱ ታደርሰዋለች። ሰው ከወንድሙ ጋር እንኳ ተጠንቅቆ በሚያወራበት ጊዜ፣ አደራዋን ሳትከፍት የምታደርስ ፍጥረት ማየት ልቤን ያሳርፈው ነበር።

ሰው ግን እንዲህ አላየውም። አንዲት ጎረቤት ለአከራዬ፣ ያልወለደች ሴት ከሌላ ሰው ልጆች ጋር እንዲህ መዋሏ ደግ አይደለም ብላቸዋለች። መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ለባልደረባዬ ባወራላት፣ ባል ባገባ ይህ አመል እንደሚተወኝ ነግራኝ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ለማንም አላነሳሁም።

አፌን ብይዝም እጄን አልያዝኩትም። ዓርብ ዓርብ የውይይት ክበብ ስንቀመጥ ካድሬው እያነበበ እኛ በደብተር እንጽፋለን። አንድ ዓርብ አጻጻፋችሁን ልይ ብሎ ደብተሮቻችንን ሳናስበው ሰበሰበ። የእኔም ከእጄ ወጣ። ስለ ሰፊው ሕዝብ ከጻፍኩት አንቀጽ አጠገብ፣ የሣልኳት አህያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቆማለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ባልደረባችን ጠረጴዛው ውስጥ በተገኘ ወረቀት ተወስዶ፣ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ካድሬው ቢሮው አስጠራኝ። ደብተሬ ፊቱ ተዘርግቷል።

«ይህቺ አህያ ማን ናት?» አለኝ።

ነገርኩት። ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ እሱንም ነገርኩት።

«የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው የልጆች ካርቱን ያያል ብዬ እንዳምንሽ ነው የምትፈልጊው?»

ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው። ቦርሳው ውስጥ ያለው የማን ደብዳቤ እንደሆነ፣ ለማን እንደሚደርስ፣ ወይስ አህያ ያልኩት ሰፊውን ሕዝብ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ካርቱኑን የት እንደማይ ጠየቀኝ። የአከራዬ የበኩር ልጅ ከዓመታት በፊት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ጫካ ገብቷል ብሎ ሰፈሩ ያንሾካሹካል። ቤታቸውን ብጠራ እነዚህን ሰዎች ወደ በራቸው መምራቴ ነው። ጎረቤት ቤት ነው ብቻ አልኩት። ያንን ጎረቤት በማግስቱ ጠዋት ይዤ እንድመጣ፣ ካልሆነ ሌላ ቦታ እንደማስረዳ ነገረኝ።

ስወጣ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ያገኘሁት አውቶቡስ ላይ መሳፈር አሰብኩ። የይለፍ ወረቀት ሳይኖረኝ የመጀመሪያው ኬላ ላይ እንደምወርድ ሳስታውስ ተውኩት። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አከራዬ ምሳም እራትም እንዳልበላሁ አይተው መጡ። ልነግራቸው አልፈለግሁም፤ ሲጠይቁኝ ግን አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ፣ እባክዎ አይምጡ፣ ሌላ ነገር ፈልጌ እላለሁ ብዬ ለመንኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ እያሻሹ አዳመጡኝ።

«አንቺ ብቻሽን ብትምዪም አያምኑሽም» አሉኝ። «ነገ አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ ካድሬው ፊት ቁጭ ብለው፣ አዎ፣ ከልጆቼ ጋር ታያለች፣ ከእነሱም በላይ ትስቃለች፣ እኔም አፍሬላት አውቃለሁ አሉ። ካድሬው አገራቸውን ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ልጆቻቸውን ጠየቃቸው። ሁለት ሴት አንድ ወንድ አሉ።

«ወንዱ የት ነው?»

ወደ አከራዬ ዞርኩ።

«አላውቅም» አሉ። «እናንተ ካወቃችሁ ንገሩኝ፤ እናቱ ነኝ።»

ካድሬው ብዙ ጻፈ። የጻፈውን አላሳየንም። ቆይቶ ቀና አለና እኔን ዓርብ በሁሉም ፊት ግለ ሂስ እንዳደርግ አዘዘኝ።

ዓርብ ተነሥቼ በዚህ ዕድሜዬ የልጆች ካርቱን እንደምወድ፣ በትምህርት ሰዓት አህያ እንደሣልኩ ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ስንት ጊዜ የፈራሁት ሳቅ ያን ቀን እንደ ምሕረት ሆነልኝ፤ በሚስቁበት ሰው ላይ ሴራ አይጠረጥሩም ብዬ ተነፈስኩ። ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ የአህያዋ ወዳጅ ተብዬ ቀረሁ።

ፍርሃቱ ግን ግቢያችን ገባ። ስለ ልጃቸው የተጻፈው ወረቀት የት እንደሄደ አናውቅም። መኪና በራችን አካባቢ ፍጥነቱን ሲቀንስ እሳቸው ከጓዳ፣ እኔ ከክፍሌ፣ አልፎ እስኪሄድ ትንፋሻችንን እንይዛለን። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቅዳሜ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በሦስተኛው እሳቸው ራሳቸው በሬን ቆርቁረው «ነይ፣ ጀምሯል» አሉኝ። ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን መንገዱ ላይ ነበር።

እኛን ፍለጋ ማንም አልመጣም። ለምን እንደቀሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጃቸውም እኔ ከዚያ ግቢ እስክወጣ ድረስ አልተመለሰም።