መታጠፊያው ጋ የሚዞር እንግዳ

ወይዘሮ ፉሳኤን ጉልበታቸው የከዳቸው በማይሆን ቀን ነው። ተራራው ላይ ያለው የእንግዳ ማረፊያቸው ሊዘጋ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ልጃቸው ቺጉሳም ከኦሳካ ከተማ የመጣችው ዕቃ ለመሰብሰብ ነው። «ቤቱን ተረከቢኝ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ተመልሷል! ልጅን በልመና ማሰር አይወዱም። ቺጉሳ ደግሞ የተራራ ኑሮ ገና በልጅነቷ በቃኝ ብላ የሄደች ናት።

የመጨረሻዎቹ እንግዶች፣ አዛውንቱ ሙራማትሱና ባለቤታቸው፣ ቁርሳቸውን በልተው ወጡ። ፉሳኤ ሊሸኙ ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። እንግዳው ከአሮጌው ጥድ ሥር ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ በር ላይ ቆሞ እጅ ማውለብለብ ከአማታቸው የተረከቡት የቤቱ ሕግ ነው፤ ዝናብም በረዶም አስቀርቶት አያውቅም።

«ቺጉሳ! ሩጪ፣ ሸኚልኝ!»

«እማዬ፣ ደህና ሁኑ ተባብለን ጨርሰናል እኮ። በዚህ ዘመን ማን ዞሮ ያያል?»

«መታጠፊያው ጋ ይዞራሉ። ባዶ በር ካዩ ያበላናቸው ሁሉ ከንቱ ነው!»

«ያው ግትርነትሽ! አባዬን ያሳበድሽው በዚሁ ነው።»

«አባትሽ አብዶ ነው እኔን ያገባው። ሂጂ አሁን!»

ቺጉሳ የእናቷን የእንጨት ጫማ አጥልቃ እያጉረመረመች ወጣች። ፉሳኤ በምንጣፉ ላይ እየተንፏቀቁ መስኮቱ ጋ ደረሱና ገርበብ አደረጉት። ልጅቷ እጇን አጣምራ ቆማለች። እንዲህም ተደርጎ ይሸኛል! ፉሳኤ አፈሩ።

ባልና ሚስቱ ጥዱ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ቺጉሳ ደንገጥ አለችና እሷም ጎንበስ አለች፤ ከዚያ እጇን ወደ ላይ አንስታ አውለበለበች።

«ትንሿ እመቤት!» ሲሉ ጮኹ ሙራማትሱ። «በመኸር ቅጠሉ ሲቀላ እንመለሳለን፤ ያችኑ ክፍል ይያዙልን!»

ፉሳኤ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። ቤቱን ከምትወርስ ሴት በቀር ማንም እንዲህ ተብሎ አይጠራም። አሁን ቺጉሳ «ተሳስተዋል፣ ልንዘጋ ነው» ልትል ነው።

«እሺ! እንጠብቃችኋለን!» አለች ቺጉሳ። እንግዶቹ ከተሰወሩ በኋላም እጇ አልወረደም።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ይሉኝታ ይዞሽ ከሆነ፣» አሉ ፉሳኤ፣ አንጀታቸው ሌላ እየመኘ፣ «ስልክ ደውለን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«ሃምሳ ልሞላ ነው፤ ትንሿ ያለኝን ሰው ላስቀይመው?» ሳቀች። ከዚያ እንግዶቹ ያደሩበትን ክፍል አጮልቃ አየች። «ግን እማዬ፣ ይህ ምንጣፍ አልቆለታል። ያ ምንጣፍ ሠሪ አሁንም አለ?»

«ልጁ ተክቶታል።»

«እንግዲያ ነገ ይምጣ። መኸር ሳይደርስብን።»

የፉሳኤ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ምላሳቸው ጫፍ ላይ ስንት ጊዜ የቆየው ቃል ከዚያ በኋላ አላስፈለጋቸውም።