ጠላ መጠጥ ነው እንዴ?

እስኪ ልንገራችሁ። በጃንሆይ ዘመን፣ ብቸና ጤና ጣቢያ ነርስ ሳለሁ፣ የመጠጥ ሕመም እንዴት እንደሚታከም ሰው እንዳሠለጥን የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። እኔ፣ መጠጥ ከንፈሬን ነክቶት የማያውቅ የደሴ እስላም! አዲስ አበባ ተጠርቼ ትምህርቱን ተከታትዬ ስመለስ፣ የእኔው እኩያ የሆነው የጣቢያችን ጤና መኮንን ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሲስተር፣ ጠላን ከጠጅ ለይተሽ የማታውቂ፣ ሞጣ ሄደሽ ስለ ስካር ልታስተምሪ ነው?»

«ታዲያ ሰክሬ ልሂድልህ?» አልሁት። አፌ ድሮም አያርፍም።

በሳምንቱ ከደጀን በመጣ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈርሁ። ትልልቆቹን የማስተማሪያ ሥዕሎች ጠቅልዬ ታቅፌ፣ የኪኒንና የመርፌ ካርቶኑን በእግሮቼ መሃል ጠብቄ ይዤ ነበር። ከጉንደ ወይን ወዲያ መንገዱ መንገድ አልነበረም። በየጉድጓዱ ሾፌሩን ስቆጣው እሱ ይስቃል፣ ሲስቅ ደግሞ ይብስብኛል። ቢሆንም አንድም ብልቃጥ ሳይሰበርብኝ ሞጣ ገባሁ።

እዚያ ስደርስ ለሥልጠናው የተሰበሰቡት ድሬሰሮች፣ የጤና ረዳቶቹ፣ ብቻ አይበቁኝም፣ የንስሐ አባቶችም ይጠሩልኝ አልሁ። ምን ይሠሩልሻል ቢሉኝ፣ «ሰካራም እኛ ዘንድ የሚመጣው ጭንቅላቱ ሲፈነከት ነው። የንስሐ አባቱ ግን ጓዳውን ሳይቀር ያውቁለታል» አልኋቸው። እያጉረመረሙም ቢሆን ጠሩልኝ። ቀሳውስቱ መጥተው በሕመምተኞች አግዳሚ ላይ ከድሬሰሮቹ ጎን ተቀመጡ። እስላሟ ሴት ቆማ ስታስተምራቸው መጀመሪያ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ሥዕሉን ሰቅዬ ጀመርሁ። አረቄ ለዓመታት የለመደ ሰው ባንድ ጊዜ ቁረጥ ቢሉት ሰውነቱ ያምፃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ወድቆ ይንፈራገጣል፣ ሊሞትም ይችላል። ይኼ ሰይጣን አይደለም፣ ሕመም ነው፣ መድኃኒትም አለው አልሁ። ይህን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ ሸምገል ያሉ ቄስ ብድግ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ እኔ ታዲያ ሰው ልገድል ነበር?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የደብሩ መሪጌታ የንስሐ ልጃቸው ናቸው፤ ቅኔ ቤትም አብረው ነው ያደጉት። መሪጌታው አረቄ ሲያሸንፋቸው ጊዜ እኒህ ቄስ ባለፈው ዓመት አረቄ እንዳይቀምሱ ገዘቷቸው። ግዝት ቀልድ አይደለም፣ መሪጌታው ያኑ ዕለት አቆሙ። ሳይሰነብቱ ግን አፋቸው አረፋ ደፍቆ ወደቁ። ሰው ሁሉ ሰይጣን ነው ብሎ አስሮ ጠበል ወሰዳቸው። በኋላ አንዱ አዝኖ አረቄ ቢያቀምሳቸው መንቀጥቀጡ ቆመ፣ በዚያው ተመለሱበት። ግዝት አፍርሻለሁ ብለውም ከንስሐ አባታቸው መሸሽ ጀመሩ። አሁን ደግሞ የደብሩ ሰዎች መጪውን የጥር ንግሥ ቀጥ ብለው ቆመው ካልመሩ መሪነቱን ለሌላ እንሰጣለን ብለዋቸዋል። ከዜማ በቀር ሌላ ሕይወት የሌላቸው ሰው ናቸው።

«አባቴ፣ ግዝትዎ አላጠፋም» አልኋቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ቀደመ እንጂ። ሰውየውን ያምጡልኝ። መጀመሪያ ሰውነታቸውን እናርጋው፣ ግዝቱ ከዚያ ይደርሳል።»

ራሳቸው ሄደው አመጧቸው። መሪጌታው ረጅም፣ መልከ መልካም ሰው፤ እጃቸውን ግን ከጋቢው ውስጥ አያወጡም። ባለቤታቸው ከኋላቸው ነበሩ፣ የደከማቸው ሴት። በሠልጣኞቹ ፊት ላክምዎ ወይ ብዬ ፈቃዳቸውን ብጠይቅ፣ «ለማኅሌት ካልሆንሁ ለትምህርት ልሁና!» አሉኝ። ወዲያው ወደድኋቸው።

አዲስ አበባ እንዳስተማሩኝ ጥያቄዬን ጀመርሁ። «ከአረቄ ሌላ መጠጥ ይጠጣሉ?»

«በፍጹም!»

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ ባለቤታቸውም፣ እጃቸውን እያወናጨፉ።

እሰይ ብዬ ለአረቄው የሚበቃውን የሚያረጋጋ ኪኒን አዘዝሁ። በየቀኑ እየቀነስን ልንጨርሰው ነው። ቪታሚኑንም ወጋኋቸው። ቀኑ በሰላም አለፈ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ስገባ ግን መሪጌታው እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፈዋል፤ ብጠራቸው አይሰሙም፣ ትንፋሻቸው ዘግይቶ ዘግይቶ ይመጣል። ያ አላህ! ያዘዝሁት መድኃኒት ብቻውን ይህን አያደርግም። ዞር ስል ባለቤታቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለው ባዶ ቅል ይዘዋል።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ቁርሳቸው ነዋ።»

«ምን ቁርስ?»

«ጠላ።»

«ጠላ?! መጠጥ አይጠጡም አላላችሁኝም?»

ሴትዮዋ በእውነት ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ጠላ መጠጥ ነው እንዴ? ጉልበት እንዲሆናቸው ብዬ እንጂ!»

ወደ ሠልጣኞቼ ዞርሁ፣ እነሱ እንኳ ያግዙኝ ብዬ። ሁሉም ከሴትዮዋ ጋር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ! አንዱ ድሬሰር ጭራሽ «ጠላማ እህል ነው፣ ሲስተር» አይለኝ መሰላችሁ? ወላሂ፣ የዚያን ቀን የጮህሁት ጩኸት ገበያ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። «እህል? ኪኒኑ ላይ ተደርቦ ሰውየው በእህላችሁ ሊሞቱ ነው! ኑ፣ ያዙልኝ!» በጎናቸው አስተኛናቸው፤ አንዱን ትንፋሻቸውን እንዲጠብቅ፣ አንዱን ክንዳቸውን ይዞ የልብ ምታቸውን እንዲያይ አደረግሁ። ንስሐ አባታቸው በራስጌ ቆመው ዳዊታቸውን ያነበንባሉ። እኔም በልቤ የእኔን ዱዓ አደርጋለሁ። ፈርቼ ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ክፉኛ ፈርቼ ነበር።

ከቀትር በኋላ መሪጌታው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አንቺ ሲስተር፣ ምን ያስጮኽሻል?» አሉ በሰለለ ድምፅ። «ዜማ ከሆነ አልወጣልሽም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሳቅሁ ወይስ አለቀስሁ፣ ለራሴም አልገባኝ።

በዚያው ዕለት ያን ጥያቄ ጣልሁት። ለካ በዚያ አገር «ይጠጣሉ?» ማለት አረቄ ቤት ገብተው ይሰክራሉ ወይ ብሎ መስደብ ኖሯል። ጠላ ከምግብ ጋር ነው፣ ጠጅ ለሰርግ ነው፣ ጉሽ ደግሞ ጭራሽ ገና አልደረሰ! ስለዚህ «ከትናንት ወዲህ ምን ቀመስ አደረጉ?» ብላችሁ ጠይቁ አልኋቸው። እስኪ እርስ በርሳችሁ ሞክሩት ብል፣ ቀድሞ «አንጠጣም» ይሉኝ የነበሩ ድሬሰሮች ሁሉ የቀመሱትን ሲዘረግፉት አመሹ። ቀሳውስቱም ፂማቸውን እያሻሹ ሳቁ። እንዲህ ያለ ሥልጠና አዲስ አበባም አልነበረም። ጥያቄዋንም ከሞጣ ብቸና፣ ከብቸና ደጀን ድረስ አዳረስናት፣ ሠልጣኞቼም በጎጃምኛ የተወለደች ጥያቄ ናት ብለው ኮሩባት።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀና። ጠላውንም ከመጠጥ ቆጥረን፣ ኪኒኑንም አስተካክለን፣ እያበላን፣ እያጫወትን፣ መንቀጥቀጡ ጥሏቸው ሄደ። የግዝቱ ጊዜ ያኔ ደረሰ። መሪጌታው ግን የቅኔ ሰው አይደሉም? ንስሐ አባታቸው «የሚያሰክር እንዳትቀምስ» ከማለታቸው፣ «እኔን ስንቱ ያሰክረኝ መሰለዎ!» ብለው ቀዳዳ ፈለጉ።

«ቀዳዳህንማ ከቅኔ ቤት ጀምሮ አውቃታለሁ» አሉ ቄሱ። «አረቄውንም፣ ጠጁንም፣ ጠላውንም፣ ጉሹንም፣ ድፍድፉንም፣ ነገ አዲስ ስም የሚወጣለትንም!»

መሪጌታው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሳቁ፣ ተሸነፍሁ አሉ። ባለቤታቸው ግን ጭንቅ ይዟቸዋል። ማኅበር ሲገቡ ጽዋው ሲዞር ምን ይቀበሉ? ጽዋ አልቀበልም ይባላል እንዴ? ይህንንስ እኔ አውቃለሁ! ማር በውኃ በጥብጠን፣ ሳይፈላ፣ በኛ ቤት ለእንግዳ የሚቀርበውን ብርዝ አበጀሁላቸው። ቄሱ ቀምሰው «ይህማ ይባረካል» አሉ። በጎጃም ማር የደሴ እስላም ብርዝ፣ በክርስቲያን ማኅበር!

ለጥር ንግሥ ከብቸና ተመልሼ ሄድሁ። ማን ይቀራል? ከቅጥሩ ውጭ፣ ከሕዝቡ ጋር ቆምሁ። የመሪጌታው ባለቤት ፈልገው አገኙኝና ክንዴን ጨምድደው ያዙ። ታቦቱ ወጣ፣ ካህናቱ ግራና ቀኝ ተሰለፉ፣ ከፊት መሪጌታው። ጸናጽሉን ወደ ላይ አንሥተው ያዙት፤ እሳቸው ራሳቸው እስኪያወዛውዙት ድረስ ቅጭል አላለም። የደብሩ ሰዎች ዓይናቸውን ተክለው ያዩአቸዋል። ከዚያ ድምፃቸውን ለቀቁት።

ምን ብዬ ልንገራችሁ! ዜማ የማላውቀው እኔ እንኳ ጠጉሬ ቆመ። መሪጌታው ሳይሰበሩ፣ ሳይጣደፉ ከፍ አደረጉት፤ ካህናቱ ተቀበሏቸው፣ ከበሮው ገባ፣ አገሩ ተናወጠ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው ይወርዳል።

«ሲስተር» አሉኝ፣ «ያገባሁት ይህን ድምፅ ነበር። ሞቶ ነበር እኮ!»

ነጠላቸውን ከአፋቸው አንሥተው እልል አሉ። እኔም አብሬያቸው አቀለጥሁት።